«አፍተር»ን እንደ «ድኅረ» መስማት፦ የእንግሊዝኛን የቃላት ቅደም ተከተል በጆሮ ስለ መለማመድ

እንደሚታወቀው በአገራችን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ቋንቋ ነው። ተማሪው ከዝቅተኛ ክፍል ጀምሮ የእንግሊዝኛን ሰዋስው ይማራል፤ ባለቤቱ መጀመሪያ፣ ቀጥሎ ግሡ፣ ከዚያም ተሳቢው እንደሚመጣ ያውቃል፤ የተዘበራረቁ ቃላት ተሰጥተውት በትክክለኛው ቅደም ተከተል ጻፍ ቢባል አብዛኛውን ጊዜ አይሳሳትም። ይኸው ተማሪ ግን መምህሩ በቃል የተናገረውን ዓረፍተ ነገር ገልብጦ ሲረዳ፣ ምክንያቱን ውጤት፣ ውጤቱን ምክንያት አድርጎ በደብተሩ ሲያሰፍር በየዓመቱ አያለሁ። በወረቀት ላይ የሚያውቀው ቅደም ተከተል በጆሮው ውስጥ የለም። ስለዚህ ጉዳይ የምጽፈው የቋንቋ መምህር ሆኜ ሳይሆን የፊዚክስ መምህር ሆኜ ነው፤ ወደ ነገሩ ያስገባኝም የራሴ ጥፋት ነው።

የዶክትሬት ትምህርቴን በውጭ አገር በጀመርሁበት ዓመት፣ አየሩ ተስቦ የሚወጣለት አንድ የብረት ቻምበር በኃላፊነት ተሰጠኝ። አየሩን የሚስበው በዘይት የሚሠራ ፓምፕ ሲሆን በቻምበሩና በፓምፑ መካከል አንድ ቫልቭ ነበረ። አንድ ቀን ማታ የቤተ ሙከራው ቴክኒሻን ወደ ቤቱ ሊሄድ ካፖርቱን እየለበሰ እንዲህ አለኝ፦

«ስዊች ኦፍ ዘ ፓምፕ አፍተር ዩ ክሎዝ ዘ ቫልቭ።»

(የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር በፊደላችን የጻፍሁት ሆን ብዬ ነው። ጉዳያችን የጆሮ እንጂ የዓይን አይደለምና፣ አንባቢ ድምፁን ጮክ ብሎ እንዲያነበው እፈልጋለሁ።)

ሁሉንም ቃል ሰምቻለሁ፤ ከመካከላቸውም የማላውቀው አንድም ቃል አልነበረም። «እሺ» አልሁት። ሥራዬን ስጨርስ ፓምፑን አጠፋሁ፤ ከዚያ ቫልቩን ዘግቼ ወደ ማደሪያዬ ሄድሁ። በማግሥቱ ጠዋት ቻምበሩ ውስጥ ዘይት ተኝቶበት ተገኘ። ምክንያቱ ቀላል ፊዚክስ ነው። ፓምፑ ሲሠራ በቻምበሩ ውስጥ የሚቀረው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት ጋር ሲነጻጸር ከኢምንት አይቆጠርም። ቫልቩ ሳይዘጋ ፓምፑ ከቆመ፣ በባሕር ወለል አካባቢ 100,000 ፓስካል ገደማ የሚሆነው የውጭ አየር ግፊት የፓምፑን ዘይት እየገፋ ወደ ባዶው ቻምበር ያስገባዋል። አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ የከተማችን ከፍታ ግፊቱን ወደ ሦስት አራተኛ ያህል ስለሚያወርደው ዘይቱ ትንሽ ረጋ ብሎ ይመጣ ነበር፤ ለማጽዳቱ ግን ለውጥ የለውም። ብዙዎቹ ዘመናዊ ፓምፖች ይህን የሚከላከል መዝጊያ ተሠርቶላቸዋል፤ ያ አሮጌ ፓምፕ አልነበረውም። ቻምበሩን ፈትተን፣ በአሴቶን አጥበን፣ መልሰን እስክንገጥመው ሁለት ሳምንት አለፈ። ቴክኒሻኑ «ነግሬህ ነበር» አለኝ፤ እኔም «ያልኸኝን ነው ያደረግሁት» አልሁት። ሁለታችንም የተናገርነው ከልባችን ነበር።

ትንሿ ቃል ወዴት ትመለከታለች?

ስሕተቱ የት እንደ ነበረ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ያንን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ወደ አማርኛ ስደረድረው ነው። «ፓምፑን አጥፋ፤ በኋላ፤ ቫልቩን ዝጋ።» አማርኛ ያሳደገው ጆሮ ይህን ድርድር ሲቀበል ምን ይረዳል? «ፓምፑን ካጠፋህ በኋላ ቫልቩን ዝጋ» ብሎ ይረዳል። እኔም የተረዳሁት ይህንኑ ነው። የቃላቱ ድርድር አንድ ዓይነት ነው፤ ትርጉሙ ግን ፍጹም ተቃራኒ ነው።

ልዩነቱን ያመጣችው መካከል ላይ ያለችው ትንሽ ቃል ናት። በአማርኛ «በኋላ» የምትለው ቃል ከእርሷ አስቀድሞ ከተነገረው ጋር ትያያዛለች፤ ጀርባዋን ለሚመጣው ሰጥታ ያለፈውን ትመለከታለች። የእንግሊዝኛዋ «አፍተር» ግን ፊቷን ወደሚመጣው አዙራ የቆመች ናት፤ የምትገዛው ከእርሷ ቀጥሎ የሚነገረውን ነው። ስለዚህ «አፍተር»ን የሰማ አማርኛ ተናጋሪ ትርጉሟን በትክክል ቢያውቅም እንኳ፣ የምትመለከትበትን አቅጣጫ ከአፍ መፍቻ ቋንቋው ተበድሮ ሊያስቀምጥባት ይችላል። ትርጉሙ የእንግሊዝኛ፣ አቅጣጫው የአማርኛ የሆነ ቃል በጆሮው ውስጥ ይፈጠራል ማለት ነው።

ይህ የ«በኋላ» ብቻ ጠባይ አይደለም። «ከመዝጋትህ በፊት»፣ «ጠረጴዛው ላይ»፣ «ሳጥኑ ውስጥ»፣ «እስኪቀዘቅዝ ድረስ»፣ «በሁለቱ መካከል» ስንል ቦታንና ጊዜን የሚያመለክተው ቃል ሁልጊዜ ከኋላ ነው። እንግሊዝኛው «ቢፎር»ን፣ «ኦን»ን፣ «ኢን»ን፣ «አንቲል»ን፣ «ቢትዊን»ን ከፊት ያስቀድማል። እርግጥ ነው አማርኛም «ከ»፣ «በ»፣ «እስከ» የሚሉ ከፊት የሚገቡ አሉት፤ ነገር ግን እነዚህ በአንድ ሐረግ ውስጥ የሚጣበቁት ሐረጉን በሚዘጋው ግሥ ላይ ስለ ሆነ ምልክቱ ለጆሮ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። «ፓምፑን» የሚለውን ሰምተን ገና «ካጠፋህ» እስኪባል ድረስ እንጠብቃለን።

ነገሩ በእኛ ቋንቋ ብቻ የተወሰነ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልሳን ምሁር ጆሴፍ ግሪንበርግ 30 ቋንቋዎችን አነጻጽረው በ1963 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ግሥን በዓረፍተ ነገር መጨረሻ የሚያደርጉ ቋንቋዎች እጅግ በአብዛኛው እነዚህን ትንንሽ ቃላት ከስም በኋላ እንደሚያስቀምጡ አመልክተዋል። ጃፓንኛና ቱርክኛ የዚህ ዓይነት ናቸው። አማርኛ ከሴማዊ ዘሩ ከፊት የሚገቡትን ወርሶ፣ ግሡን ግን ወደ መጨረሻ ያዛወረ ድብልቅ ነው፤ ብዙ ምሁራን ይህን ለውጥ ከኩሽ ቋንቋዎች ጋር ከነበረው ረጅም ጉርብትና ጋር ያያይዙታል።

ድኅረ ምረቃ

ታዲያ ለእኛ ተማሪ ምን መያዣ አለው? እኔ ያገኘሁት መያዣ በዩኒቨርሲቲው ቅጥር ግቢ በየማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተጻፈ ነው። «ድኅረ ምረቃ» ማለት «ከምረቃ በኋላ» ማለት ነው። «ቅድመ ምረቃ» ማለት ደግሞ «ከምረቃ በፊት» ነው። ግዕዙ «ድኅረ»ን ከፊት አስቀምጦ የሚመጣውን ያስገዛታል፤ አማርኛው «በኋላ»ን ከኋላ ያስቀምጣታል። «አፍተር» የምትሄደው እንደ «ድኅረ» ነው። «ድኅረ ምረቃ» ሲባል «መጀመሪያ ድኅረ፣ ከዚያ ምረቃ» ብሎ ግራ የሚጋባ ተማሪ አይቼ አላውቅም። ምረቃው ቀድሞ እንደሚፈጸም ማንም ያውቃል። እንግዲያው «አፍተር ዩ ክሎዝ ዘ ቫልቭ» የሚለውን «ድኅረ ቫልቭ መዝጋት» ብሎ መስማት ይቻላል።

ነገሩ ከዚህም ይሰፋል። ግዕዙ «ውስተ ቤት» ሲል አማርኛው «ቤት ውስጥ» ይላል፤ ግዕዙ «ማእከለ» ብሎ ሲጀምር አማርኛው «መካከል» ብሎ ይጨርሳል። ቃሎቹ ዘመዳሞች ናቸው፤ የቆሙበት ጎን ብቻ ተለዋውጧል። «ቤተ መጻሕፍት»፣ «ሕገ መንግሥት»፣ «መጠነ ቁስ» የሚሉትም ዋናውን ቃል አስቀድመው ባለቤቱን የሚያስከትሉ ናቸው፤ የእንግሊዝኛው «ኦፍ» የሚሠራውን ያህል ይሠራሉ። «ዘ ሬት ኦፍ ቼንጅ ኦፍ ዘ ቬሎሲቲ ኦፍ ዘ ቦል» የሚለው በአማርኛ «የኳሱ የፍጥነት የለውጥ መጠን» ሲሆን፣ ቅደም ተከተሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተገልብጧል፤ እንግሊዝኛው በመጠኑ ጀምሮ በኳሱ ይጨርሳል፣ አማርኛው በኳሱ ጀምሮ በመጠኑ ይጨርሳል። በቃል ሲነገር የመጨረሻውን ቃል ብቻ የያዘ ተማሪ ስለ ኳሱ የተነገረው መስሎት ይቀራል፤ የተነገረው ግን ስለ ለውጥ መጠን ነው።

የቅኔ ቤት ወይም የቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ተማሪ በዚህ ረገድ ያልተነካ ሀብት ይዟል ባይ ነኝ። ለእንግሊዝኛ የሚጠቅመው አቅጣጫ አስቀድሞ በጆሮው አለ፤ እንዲጠቀምበት የነገረው ሰው ግን የለም።

አራት ዓረፍተ ነገሮች

የፊዚክስ ሰው አንድ ውጤት በሁለት ምክንያቶች የመጣ ሲመስለው ምክንያቶቹን ለያይቶ ማየት ይፈልጋል። እዚህም ሁለት ምክንያቶች አሉ። የመጀመሪያው የሁሉም ሰው ነው፦ ቀድሞ የተነገረውን ቀድሞ እንደተፈጸመ መውሰድ። ኢቭ ክላርክ በ1971 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ አፍ መፍቻቸው እንግሊዝኛ የሆነ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ ሕፃናት «ቢፎር» እና «አፍተር» ያለባቸውን ዓረፍተ ነገሮች የሚረዱት በአነጋገራቸው ቅደም ተከተል መሆኑን አሳይተዋል። አዋቂዎችም ሙሉ በሙሉ ነጻ አይደሉም፤ በ1998 እ.ኤ.አ. በኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ የሙንቴ፣ የሺልዝና የኩታስ ጥናት፣ በ«ቢፎር» እና በ«አፍተር» የሚጀምሩ ዓረፍተ ነገሮችን የሚያስተናግደው የአንጎል ኤሌክትሪክ ምልክት ገና ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ እንደሚለያይ ገልጿል። ሁለተኛው ምክንያት የእኛ ነው፦ ትንሿን ቃል ከኋላዋ ካለው ጋር ማያያዝ።

አሁን የሚከተሉትን አራቱን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። የሁሉም ትርጉም አንድ ነው፤ ቫልቩ ቀድሞ ይዘጋል፣ ፓምፑ ቀጥሎ ይጠፋል።

አንደኛው፦ «አፍተር ዩ ክሎዝ ዘ ቫልቭ፣ ስዊች ኦፍ ዘ ፓምፕ።»
ሁለተኛው፦ «ስዊች ኦፍ ዘ ፓምፕ አፍተር ዩ ክሎዝ ዘ ቫልቭ።»
ሦስተኛው፦ «ቢፎር ዩ ስዊች ኦፍ ዘ ፓምፕ፣ ክሎዝ ዘ ቫልቭ።»
አራተኛው፦ «ክሎዝ ዘ ቫልቭ ቢፎር ዩ ስዊች ኦፍ ዘ ፓምፕ።»

በአንደኛው ውስጥ ወጥመድ የለም። ከ«አፍተር» በፊት የተነገረ ነገር ስለሌለ ወደ ኋላ ልናያይዛት አንችልም፤ ቀድሞ የተነገረውም ቀድሞ ይፈጸማል። በሦስተኛው ውስጥ ያለው ወጥመድ የሁሉም ሰው ወጥመድ ብቻ ነው። አራተኛው የሚገርም ነው፤ እንግሊዛዊ ሕፃን በቀላሉ ይረዳዋል፣ እኛ ግን «ቫልቩን ከመዝጋትህ በፊት ፓምፑን አጥፋ» ብለን ልንገለብጠው እንችላለን። ሁለተኛው ከሁሉም ይከፋል፤ ሁለቱም ልማዶች ወደ አንድ ስሕተት ይገፉናል። ቴክኒሻኑ የመረጠልኝ ይህንኑ ነበር።

እግረ መንገዴን ለሥራ ባልደረቦቼ አንድ ነገር ልበል። የአደጋ ጥንቃቄን የሚመለከት መመሪያ በእንግሊዝኛ ስትሰጡ አንደኛውን ቅርጽ ተጠቀሙ። ሰዋስዉ ሁለቱንም ስለሚፈቅድ ብቻ ተማሪው ሁለቱንም እኩል ይሰማል ማለት አይደለም።

ምክንያትና ውጤት ሲገለባበጡ

በጊዜ ቅደም ተከተል ላይ የሚደርሰው ስሕተት ዘይት ያፈስሳል፤ በምክንያት ላይ የሚደርሰው ግን ሳይታይ በደብተር ውስጥ ይቀመጣል። አንድ አምፖል ሲበራ ሽቦው እየጋለ በሄደ ቁጥር ሬዚስታንሱ ይጨምራል፤ በዚህም የተነሣ ከረንቱ ከመጀመሪያው ቅጽበት ይቀንሳል። መምህሩ ይህን ሲናገር፦ «ዘ ከረንት ፎልስ ቢኮዝ ዘ ሬዚስታንስ ራይዝስ» ይላል። በአማርኛ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይቀድማል፤ «ሬዚስታንሱ ስለ ጨመረ ከረንቱ ይቀንሳል»። በእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቀድሞ የተነገረው ውጤቱ ነው፤ «ቢኮዝ» ፊቷን ወደሚመጣው አዙራ ምክንያቱን ትጠራለች። የተገለበጠው ደብተር «ከረንቱ ስለ ቀነሰ ሬዚስታንሱ ጨመረ» ይላል። እንዲህ ያለ ማስታወሻ ይዞ ለፈተና የሚያጠና ተማሪ ጎበዝ ቢሆንም ስሕተቱን በትጋት እያጠና ነው። ፈተናውን የሚያርመው መምህር ደግሞ ተማሪው የኦምን ሕግ እንዳልተረዳ ያስባል። ያልተረዳው ግን አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል የምትመለከትበትን አቅጣጫ ነው። ለስንት ተማሪ በዚህ ምክንያት «ፊዚክስ አይገባውም» ተብሎ እንደ ተፈረደበት ሳስብ እረበሻለሁ፤ ከፈረዱት አንዱም እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ትንሿ ቃል ጭራሽ የማትነገርበትም ጊዜ አለ፤ ይህ ለጆሮ ይበልጥ ይከብዳል። «ዘ ላይት ሪፍሌክትድ ፍሮም ዘ ሚረር ፓስስ ስሩ ዘ ስሊት።» የእኛ ጆሮ ግሥ ሲሰማ ዓረፍተ ነገሩን መዝጋት የለመደ ነው። ስለዚህ «ሪፍሌክትድ» ላይ ሲደርስ «ብርሃኑ ከመስታወቱ ተንጸባረቀ» ብሎ ይዘጋል፤ ቀጥሎ «ፓስስ» ሲመጣ ማን እንዳለፈ አያውቅም። ዓረፍተ ነገሩ የሚለው «ከመስታወቱ የተንጸባረቀው ብርሃን በስንጥቁ ያልፋል» ነው። ስምን የሚገልጸው ሐረግ በአማርኛ ከስሙ ይቀድማል፣ በእንግሊዝኛ ይከተለዋል። እዚህም ግዕዙ ያግዘናል፤ «ብእሲ ዘመጽአ» ማለት «የመጣ ሰው» ሲሆን ሰውየው ቀድሞ መምጣቱ ይከተላል። (የግዕዙ «ዘ» እና የእንግሊዝኛው «ዘ» በድምፅ ቢመሳሰሉም ዝምድና የላቸውም፤ ሥራቸውም የተለያየ ነው።)

ለምን በጆሮ?

አንባቢ «ይህን ሁሉ አንብቤ ከተረዳሁ ምን ቀረኝ?» ሊል ይችላል። ዓይን ወደ ኋላ መመለስ ይችላል፤ ጆሮ አይችልም። እንግሊዝኛ በተለመደ ፍጥነት ሲነገር በደቂቃ 150 ቃላት ያህል ይነገራሉ ብንል በሰከንድ ሁለት ቃል ተኩል ይሆናል። የቴክኒሻኑ ዓረፍተ ነገር 9 ቃላት ነበሩት፤ ከአራት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ አለፈ። ሳይያያዙ የሚጠበቁ ነገሮችን አእምሮአችን በአንድ ጊዜ የሚይዘው በጣም ጥቂት ነው፤ ኔልሰን ካዋን በ2001 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ግምገማ አራት ገደማ ነው ይላሉ። ስለዚህ ቃላቱ እየደረሱ መያያዝ አለባቸው፤ ሁሉም እስኪያልቁ ጠብቆ በሕግ መደርደር አይቻልም። የሰዋስው ሕግን ማወቅ ለዓይን ይበቃል፤ ለጆሮ የሚያስፈልገው ልማድ ነው።

በዚህ ላይ እንግሊዝኛ ቅደም ተከተልን የሚያመለክቱትን ቃላት በብዛት አድክሞ ነው የሚናገራቸው። «ኦፍ»፣ «ዛት»፣ «ቱ»፣ «ዎዝ» የሚሉት በፈጣን ንግግር አናባቢያቸው ይደበዝዛል፣ ርዝመታቸውም ያጥራል። ጎላ ብለው የሚሰሙት ስሞችና ግሦች ናቸው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ይተላለፍ የነበረውን፣ ሁላችንም «ፕላዝማ» እንለው የነበረውን ትምህርት የተከታተሉ ተማሪዎች «ቃሉን እሰማለሁ፣ ነገሩ ግን ያመልጠኛል» ይሉኝ ነበር። ቅሬታቸው በትክክል የተገለጸ ቅሬታ ነበር። ጎላ ያሉትን ቃላት ይይዛሉ፤ አቅጣጫ ጠቋሚዎቹ ግን ያልፏቸዋል፤ ከዚያም የያዟቸውን ቃላት በአማርኛ ሥርዓት ያገጣጥሟቸዋል።

ልምምዱ

ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ልምምድ ምንም መሣሪያ አይፈልግም። ሁለት ተማሪዎች፣ አንድ እስክሪብቶ፣ አንድ ኩባያና አንድ ሳንቲም ይበቃሉ። አንዱ ያዝዛል፤ ሌላው ይፈጽማል። «ፑት ዘ ፔን ኢን ዘ ካፕ አፍተር ዩ ተርን ዘ ኮይን።» አይተረጉምም፣ አይጽፍም፣ አይጠይቅም፤ በእጁ ያደርጋል። ሳንቲሙ ሳይገለበጥ እስክሪብቶው ኩባያ ውስጥ ከገባ ሁለቱም ወዲያው ያያሉ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጄምስ አሸር ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቋንቋን ትእዛዝ ሰምቶ በመፈጸም የማስተማር ዘዴ አስፋፍተዋል፤ የእኛ ልምምድ ከዚያ የተወሰደ ቢሆንም ዓላማው ጠባብ ነው፤ የቃል ጥናት አይደለም፣ የአቅጣጫ ጥናት ነው። ቃላቱ ሁሉ የታወቁና ቀላል መሆን አለባቸው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዓረፍተ ነገሩ በዓለም ዕውቀት ሊፈታ የሚችል ከሆነ ጆሮ አይሠራም። «እጄን ከታጠብሁ በኋላ በላሁ» የሚለውን በማንኛውም ቋንቋ ብንሰማው አንሳሳትም፤ የሚቀድመውን እናውቃለንና። ሳንቲምና እስክሪብቶ ጥሩ የሆኑት የትኛው እንደሚቀድም ከቃላቱ በቀር ምንም የሚነግረን ስለሌለ ነው። እኔም ስለ ፓምፕ አስቀድሜ የማውቅ ብሆን ኖሮ ቴክኒሻኑን ባልሰማውም ቫልቩን በዘጋሁ ነበር።

ይህ ሲለመድ ወደ ቅጂ መሄድ ይቻላል። በስልክ ላይ ያለ ማናቸውም የድምፅ መቅጃ ይበቃል፤ የመማሪያ መጽሐፋችሁን ዓረፍተ ነገሮች ጓደኛችሁ አንብቦ ይቅዳላችሁ። ስታዳምጡ እንደ «ቢኮዝ»፣ «አንቲል»፣ «አፍተር» ያለ ቃል እንደ ሰማችሁ ቅጂውን አቁሙ። ከዚያም የሚመጣው ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ በአማርኛ ተናገሩ፤ «አሁን ምክንያቱ ሊመጣ ነው»፣ «አሁን ቀድሞ የሚፈጸመው ሊመጣ ነው»። ትክክለኛውን ቃል መገመት አይጠበቅባችሁም፤ ፊታችሁን ወደ ፊት ማዞራችሁ ብቻ ይበቃል። ይህ መጀመሪያ ላይ አሰልቺ ነው። ለእኔ እንደ ደረሰብኝ ከሆነ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ማቆሙ ሳያስፈልግ አእምሮ ራሱ ያን ጥያቄ መጠየቅ ይጀምራል።

ሦስተኛው ዘግይቶ መድገም ነው። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አዳምጡ፤ በልባችሁ እስከ ሦስት ቁጠሩ፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ ድገሙት። ወዲያው ቢደገም ጆሮ እንደ በቀቀን ሊመልሰው ይችላል። ትንሽ ከቆየ ግን የምንደግመው የሰማነውን ድምፅ ሳይሆን የተረዳነውን ነገር ነው፤ ስለዚህ የተገለበጠው ተገልብጦ ይወጣል። የራሳችሁን ድግምት ቀድታችሁ ከመጀመሪያው ጋር ብታስተያዩት ስሕተታችሁ በየትኛው ትንሽ ቃል ላይ እንደሚበዛ ታገኛላችሁ። የእኔ «አንቲል» ነበረች።

የሚደመጠውን በተመለከተ፣ ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪ በዝግታ የተነገረ ነገር ይሻላል። የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ በ1959 እ.ኤ.አ. የጀመረው «ስፔሻል ኢንግሊሽ» የተሰኘው ዝግጅት በ1,500 ያህል ቃላት ተወስኖ፣ ከተለመደው ፍጥነት በሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚነበብ ነበር፤ ብዙ የሳይንስ ክፍሎቹ ተቀድተው ስለ ተቀመጡ ያገኘ ሁሉ ሊጠቀምባቸው ይችላል። ከዚያ በላይ ለሚደፍር ሪቻርድ ፋይንማን በ1964 እ.ኤ.አ. በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሰጧቸው፣ ቢቢሲ በፊልም ያስቀራቸው ሰባት ንግግሮች አሉ። ይዘታቸው ድንቅ ነው፤ የፋይንማን የኒው ዮርክ አነጋገር ግን ፈጣን ስለ ሆነ በእነርሱ እንድትጀምሩ አልመክርም። በማናቸውም ላይ ቢሆን በግርጌ የሚወጣውን ጽሑፍ ዝጉት። ጽሑፍ ባለበት ዓይን ሥራውን ይቀማል፤ ጆሮም እንደ ለመደው ያንቀላፋል። ፍጥነቱን በስልክ መቀነስ አይከፋም፤ የደከሙት ትንንሽ ቃላት ግን ሲረዝሙም እንደ ደከሙ እንደሚቆዩ እወቁ። በቀን አሥር ደቂቃ በቂ ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ከመቀመጥ ይህ ይሻላል።

ለመጀመሪያ የሚሆኑ ስድስት ዓረፍተ ነገሮች እነሆ። ራሳችሁ አታንብቧቸው፤ ጓደኛችሁ እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ብቻ በተለመደ ፍጥነት ያንብብላችሁ፤ ከዚያም ጥያቄውን ይጠይቃችሁ።

1. «ሪድ ዘ ስኬል ቢፎር ዩ ተርን ዘ ኖብ።» የትኛው ይቀድማል?
2. «ተርን ዘ ኖብ አፍተር ዩ ሪድ ዘ ስኬል።» የትኛው ይቀድማል?
3. «ዘ ላምፕ ዌንት ኦፍ ቢፎር ዘ ፊውዝ ብሉ።» ቀድሞ የሆነው ምንድን ነው?
4. «ዶንት ኦፕን ዘ ቦክስ አንቲል ዘ ቤል ሪንግስ።» ቀድሞ መሆን ያለበት ምንድን ነው?
5. «ዘ ስቱደንት ሄልፕድ ባይ ዘ ቲቸር ፊክስድ ዘ ላምፕ።» አምፖሉን ያስተካከለው ማን ነው?
6. «ዘ ቦክስ ኦን ዘ ቴብል ኒር ዘ ዊንዶው ኦፍ ዘ ላብ ኢዝ ኤምፕቲ።» ባዶው ምንድን ነው?

መልስ፦ በ1ኛውና በ2ኛው መለኪያውን ማንበብ ይቀድማል። በ3ኛው ቀድሞ የሆነው የአምፖሉ መጥፋት ነው፤ «ፊውዙ ስለ ተቃጠለ አምፖሉ ጠፋ» ብሎ የመለሰ ሰው ያዳመጠው ዓረፍተ ነገሩን ሳይሆን የራሱን ዕውቀት ነው። በ4ኛው ደወሉ ቀድሞ ይደወላል። በ5ኛው አምፖሉን ያስተካከለው ተማሪው ነው፤ መምህሩ የረዳው ብቻ ነው። በ6ኛው ባዶው ሳጥኑ ነው፤ በመካከል ያለፉት ጠረጴዛው፣ መስኮቱና ቤተ ሙከራው የሳጥኑን ቦታ ሊነግሩን የመጡ ናቸው።